አንበሳ ያለባት ባቡር

ባለፈው ሰሞን ከአዲስ አበባ ስመለስ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ሉማሜ ላይ ጎማው ተነፈሰና ሁላችንም ወረድን። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ ከጎኔ ካለችው ጠባብ ሱቅ አንድ ሽታ መጣብኝ። ራዲዮ ጠጋኙ የጋለ ብረቱን እርሳስ ላይ እያስነካ ሽቦ ከሽቦ ያጣብቃል፤ ጭሱ ቀጭን ነው፣ ምላስ ላይ ይመራል። ሌላው መንገደኛ አፍንጫውን ያዘ፤ እኔ ወንበሬን ወደ ጭሱ አስጠጋሁ። ሻዩን የቀዳችልኝ ልጅ «እማማ፣ አይረብሽዎትም?» ብትለኝ «እኔ በዚህ ሽታ ነው የተዳርኩት» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። አልቀለድኩም።

እኔ ብርነሽ የአንጥረኛ ልጅ ነኝ። ዛሬ ይህን አፌን ሞልቼ እናገረዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን በኩራት የሚነገር ነገር አልነበረም። አባቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የብር መስቀል፣ ጉትቻ፣ አልቦ፣ የበቅሎ ጌጥ ይሠራ ነበር። ሙሽራዋ የእሱን ጌጥ አድርጋ ትዳራለች፣ ቄሱ በእሱ መስቀል ይባርካል፤ እሱ ራሱ በመንገድ ሲያልፍ ግን ሴቶቹ ሌማታቸውን ይከድናሉ፣ ልጆቻቸውን ነጠላቸው ውስጥ ይሸሽጋሉ። ቡዳ ናቸው ይሉናል። ወንድ ልጅ አልነበረውምና ሙያውን ለእኔ አወረሰኝ። ከፀጉር የቀጠነ የብር ክር ስቤ፣ ጠምዝዤ፣ አበባ አድርጌ ሳሳየው «በቃ፣ ከእኔ አለፍሽ» ያለኝ ቀን ዛሬም አይረሳኝም። ሲሞት ወናፉ፣ መዶሻውና ብረት የሚቀጠቀጥበት መስፍ የእኔ ሆኑ። ያገባሁት ሰውም ጦርነቱ እንደተጀመረ ወደ ሰሜን ዘምቶ እዚያው ቀረ። ጣሊያን ማርቆስ ሲገባ እንግዲህ ወናፍ የምትነፋ ወጣት መበለት ሆኜ ነው የጠበቅኩት።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ለዓመተ ምሕረት ጭንቅላት የለኝም። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ወታደሮቹ የቲማቲም ድልህ የሚበሉበት ቀይ ቆርቆሮ በየቦዩ ተበትኖ ነበር። ካኪያቸው ዝናብ ሲመታው እንደ እርጥብ ውሻ ይሸታል። ከሰፈራቸው ዙሪያ እሾህ ያለው ሽቦ አጥረው፣ ከውስጥ ትልቅ አፍ ያለው የሸክላ ማጫወቻ ቀኑን ሙሉ የማይገባንን ዘፈን ያንቋርር ነበር። ገበያው ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ነው የሚቆመው፤ በጠገራ ብር ደህና በግ ይገዛል፣ በጨው አሞሌ ደግሞ ሽንኩርቱም በርበሬውም። የእነሱን የወረቀት ገንዘብ ግን የሚነካው አልነበረም። በርበሬ ሻጮቹ ሴቶች «ወረቀትህን ወስደህ ለፍየል አብላ» እያሉ ይመልሱላቸው ነበር፤ ወታደሩ ቋንቋውን ስለማያውቅ ፈገግ ብሎ ያልፋል። ዛሬ ያ ቦታ ሱቅ በሱቅ ሆኗል። አንዳንዴ ሳልፍበት ከአንድ ጫማ መደብር ፊት ለፊት ቆም እላለሁ፤ ባለ ሱቁ ጫማ ያማረኝ ይመስለዋል።

እዚያ ቦታ ነው ነገሩ የተጀመረው። ባንድ የገበያ ቀን የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ የጭነት መኪና ላይ ወጥቶ ይለፍፋል። አማርኛው ጥርት ያለ ነው፤ ያገራችን ሰው ነው መቼም። «እናንተ መንኮራኩር እንኳ የማታውቁ ሕዝብ ነበራችሁ!» አለ። «ይኸው መንግሥት መኪና አመጣላችሁ። ነገ ደግሞ አይታችሁት የማታውቁትን ባቡር ያመጣላችኋል!»

«ባቡርማ አለን!» አለ አንድ ድምፅ ከሕዝቡ መሀል። «እሳቱን ስለኩስ የኖርኩት እኔ ራሴ ነኝ!»

ሁሉም ዞሮ አየው። ታፈረ የሚባል የደምበጫ ሰው ነው፤ ልጅ እያለ ጠፍቶ ሄዶ ድሬዳዋ በባቡር ሥራ የኖረ፣ ከዚያ ዘምቶ ቆስሎ ወዳገሩ የተመለሰ። ጠላ ቤት ውስጥ ስለ ባቡር ሲያወራ ሰው ይሰማው ነበር፤ ማመን ግን ማንም አላመነውም። ውሃ ጠጥቶ፣ እሳት በልቶ፣ ቤት የሚያህል ብረት መቶ ሰው አዝሎ ሲሮጥ በዚያን ጊዜ ጎጃም ውስጥ ማን አይቷል?

አስተርጓሚው ከመኪናው ላይ ሆኖ ሳቀበት። «የታለ? እስቲ ከኪስህ አውጣና አሳየን!»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። የገዛ ወገናችን ነው የሳቀው። የታፈረን ፊት አየሁት፤ ቦምብ ካቆሰለው ይልቅ ያ ሳቅ ያቆሰለው ይመስላል። ነጠላውን ተከናንቦ ሄደ።

በማግሥቱ ከደጄ ቆመ። ራሴን በሻሽ አስሬ ወናፉን እየነፋሁ ነበር።

«አንጥረኛው የለም?» አለኝ።

«አንጥረኛዋ አለሁ።»

ቀኝ እጁን ከነጠላው አወጣ። ከአውራ ጣቱ በቀር ጣት አልቀረበትም። «የማውቀው ነገር አለ፤ የምሠራበት ግን የለኝም። እጅሽን አበድሪኝ» አለ።

«ምን ሊሠሩበት?»

«ባቡር።»

«ለምን ወደ እኔ መጡ? ማርቆስ ውስጥ ወንድ አንጥረኛ ሞልቷል።»

«ትናንት ያልሳቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ቤቷ የአንጥረኛ ቤት ነው ሲሉኝ መጣሁ» አለኝ።

ገብተው ይቀመጡ አልኩት። እሱም ገባ፤ ያቀረብኩለትንም ቆሎ ሳያመነታ ቆነጠረ። ከእኛ ቤት እህል የሚቀምስ ሰው ብርቅ ነበር፤ እኔ ከባቡሩ ይልቅ በዚያ ነው የተደነቅኩት።

ባቡር የሚባለውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። እሱ በግራ እጁ ከሰል ይዞ ግድግዳዬ ላይ ይሥላል፤ እኔ እጠይቃለሁ። «ጎማ አለው?» «የለውም፤ እግሩ ብረት ነው፣ መንገዱም ብረት ነው።» «ታዲያ ሲዞር አይንሸራተትም?» «አይንሸራተትም።» «ለምን?» «ክብደቱ ነዋ!» ይቆጣል፤ እኔም እቆጣለሁ። የባቡሯን ሆድ ከመድፍ ቀለህ ሠራነው፤ እነሱው ተኩሰው የጣሉት ነው፣ ናሱ ወፍራምና ንጹሕ ነበር። ውሃው እዚያ ውስጥ ይገባል፣ ከሥር የአረቄ መብራት ይነድበታል። እንፋሎቱ በቀጭን ቧንቧ አልፎ ወደ አንዲት የጥይት ቀለህ ይገባና በውስጧ ያለውን ዘንግ ወዲያና ወዲህ ይገፋል፤ ዘንጉ መንኮራኩሮቹን ያዞራል። ጭስ መውጫዋ የቲማቲም ቆርቆሮ ነው። ሐዲዱን ታፈረ ከየት እንዳመጣው አልነገረኝም ነበር፤ ሽቦውን ሳቀና እሾሁ እጄን ሲወጋኝ ነው ከማን አጥር እንደተቆረጠ የገባኝ። እሾሁን እየሞረድኩ ስስቅ ዋልኩ።

መጀመሪያ ስንሞክራት መጋጠሚያዋ ፈነዳ። በእርሳስ ነበር የበየድኳት፤ ስትግል እርሳሱ ቀለጠና እንፋሎቱ ክንዴን ጠበሰኝ። ጠባሳው ይኸው አለ። መጋጠሚያው ብር እንደሚፈልግ አውቄዋለሁ፤ ብር ግን በዚያ ዘመን ከየት ይመጣል? ሟቹ ባለቤቴ የሰጠኝን አልቦ ከእግሬ አወለቅኩ። ታፈረ ሲያይ ብድግ አለ። «ኧረ ይህስ አይሆንም!»

«አልቦው የማን ነው?»

«ያንቺ።»

«እንግዲያው ወናፉን ይንፉ።»

ነፋ። ብሩ ቀለጠ፤ ባቡሯም ከዚያ ወዲያ አንድ ጠብታ እንኳ አላፈሰሰችም። ያላለቀው ፊቷ ብቻ ነበር። «ግንባሯ ላይ ምን አለ?» አልኩት። ከሰሉን በግራ እጁ አገላበጠ፤ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። «አንበሳ አለ» አለኝ። «ዘውድ የደፋ፣ ቀኝ እግሩን ያነሳ አንበሳ።» ያንን አንበሳ ከአልቦው በተረፈው ብር ክር ስቤ ሠራሁት። ቁመቱ ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ ጋማው ግን ክር በክር ተለይቶ ይታያል። ብዙ መስቀል ሠርቻለሁ፣ ብዙ ሙሽራ አስጊጫለሁ። እንደዚያ አንበሳ የሆነልኝ ግን ምንም የለም።

በገበያ ቀን አወጣናት። ሐዲዱን በእንጨት ላይ ቸንክረን ከበርበሬ ተራው አጠገብ ዘረጋነው። ታፈረ ውሃውን ሞላ፣ አረቄውን ለኮሰ፣ ከዚያ ውሃው እስኪፈላ ቆምን። ሰው ከበበን። አንዱ «አረቄውን ለእኔ ብትሰጠኝ ይሻል ነበር» አለና ሰው ሳቀ። ከዚያ ባቡሯ ፉጨቷን ለቀቀችው። ከፊት የነበሩት ሴቶች ጨው በትነው ሸሹ፤ አህያ ገመድ በጥሶ ጠፋ። ጭሷን እየተፋች፣ ዘንጓን ወዲያና ወዲህ እያለች ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች። ታፈረ አብሯት ይሮጣል፤ «ይቺ ናት! ይቺ ናት ያልኳችሁ!» ይላል፤ እንባው ይወርዳል። የሸሹት ተመለሱ። ያን ቀን የሳቁበት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ቀረቡት። ወዲያው አንዷ በርበሬ ሻጭ ግጥም አወጣችላት፤

እሳት በልታ ውሃ የጠጣች፣
ያለ በቅሎ ማርቆስ ገባች።

እስከ ማታ ልጅ አዋቂው ይህን ሲል ዋለ። «መንኮራኩር አታውቁም» ያለን አስተርጓሚ በዚያ ሲያልፍ ሴቶቹ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉለት።

መኮንኑ የመጣው በማግሥቱ ነው። ካፒቴን ነው፣ የመንገድ ሥራው አለቃ፤ ረጅም ስለነበር ወደ ቤቴ ሲገባ ጎንበስ አለ። አስተርጓሚው ተከተለው። ታፈረም እዚያው ነበር። ካፒቴኑ ባቡሯን ሲያያት መሬት ላይ ተንበረከከ፤ ያ ሁሉ ካኪ አፈር ሆነ። በጣቱ መንኮራኩሯን ዞር አደረገና እንደ ልጅ ሳቀ። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ሥራ ያውቃል። መጋጠሚያውን በጥፍሩ ዳሰሰና ወደ እኔ ቀና ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ተነሥቶ ተናገረ፤ አስተርጓሚው ተረጎመልን። «ካፒቴኑ በጣም ወዷታል። ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ይመጣል። ባቡሯ በሰፈሩ አዳራሽ ትቀመጣለች፤ ከሥሯ ‹የጣሊያን መንግሥት ላገሬው ያስተማረው ሙያ› ተብሎ ይጻፋል። ይህን አንበሳ አንሺና የእነሱን ምልክት አድርጊበት።» በገመድ የታሰረ የዱላ ክምርና መጥረቢያ የተሣለበት ወረቀት ዘረጋልኝ።

«ያስተማረኝ አባቴ ነው» አልኩት። «እሱም ጣሊያን አልነበረም።»

«ዋጋ ይሰጥሻል።»

«አትሸጥም።»

ካፒቴኑ አልተቆጣም። ከቦርሳው መጽሐፍ አውጥቶ ገለጠና ከፊቴ አደረገው። ፎቶግራፍ ነው። እኔ በግድግዳዬ ላይ በከሰል ተሥላ ያየኋት፣ በእጄ የሠራኋት ባቡር ተነሥታ ቆማለች፤ ጭስ መውጫው፣ ዘንጉ፣ መንኮራኩሩ ሁሉ ልክ ነው። ግንባሯ ግን ባዶ ነው።

«ይኸውልሽ የድሬዳዋው ባቡር» አለ አስተርጓሚው። «ፈረንጅ ነው የሠራው። አንበሳ የሚባል የለበትም፤ ኖሮበትም አያውቅም። ሰውየሽ ዋሽቶሻል። በውሸት ላይ ምን ያኮራሻል? አንሺውና እንጨርስ።»

ታፈረን አየሁት። ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። አንገቱን ደፍቶ ጣቶቹን ያጣውን እጁን በነጠላው ሸፈነ። እውነት ነው ማለት ነው። አልቦዬን ያቀለጥኩት፣ ዓይኔ እስኪደክም ጋማውን ክር በክር የለየሁት ላልነበረ አንበሳ ነው። በዚያች ቅጽበት ከሦስቱም ወንዶች ማንን እንደምመታ አላውቅም ነበር።

ግን ደግሞ ሌላው ሐሳብ ወዲያው ተከተለ። ባቡሩን ፈረንጅ ሠራው፣ እሺ። ዘንጉንም ፈረንጅ አሰበው፣ እሺ። አንበሳውን ማን አሰበው? ጣቶቹን ያጣ የደምበጫ ሰው። ማን ሠራው? እኔ። እንግዲያው ከዚያች ባቡር ላይ ከማንም ያልተዋስነው እሱ ብቻ ነው።

«ለካፒቴንህ ንገረው» አልኩት አስተርጓሚውን። «ባቡሩ የሌላ ይሁን፤ አንበሳው ግን የእኛ ነው። የማነሣውም እኔ ነኝ።»

በጉጠት ነቅዬ አንበሳውን ከሰሉ ላይ ጣልኩትና ወናፉን ረገጥኩ። ካፒቴኑ ምልክቱን ልለውጥ መስሎት ፈገግ አለ። ብሩ ቀላ፣ ነጣ፣ ከዚያ ጠብ ብሎ ወደ ከሰሉ ሥር ወረደ። ያን ጊዜ ባቡሯን አንስቼ መስፉ ላይ አስቀመጥኳት። የአባቴን ትልቁን መዶሻ አነሣሁ። ናስ ቶሎ እጅ የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ ደጋግሜ ነው የመታኋት። ሆዷ ጎደጎደ፣ ቧንቧዋ ተቀጨ፣ መንኮራኩሮቿ ወደየማዕዘኑ ተንከባለሉ። ካፒቴኑ የተወጋ ያህል ጮኸ። አስተርጓሚው ክንዴን ሊይዝ ሲመጣ መዶሻውን ወደ እሱ አዞርኩና ባለበት ቆመ። ጠፍጣፋ እስክትሆን አልተውኳትም። ከዚያ መዶሻውን አስቀምጬ «አሁን ለአዳራሻችሁ ውሰዷት» አልኩ።

ካፒቴኑ አያትና አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው አልተረጎመውም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ወደ ውጭ ወጥቶ ወታደሮቹን ጠራ። ታፈረ «እኔን ውሰዱኝ፣ እኔ ነኝ ያሠራኋት!» እያለ ከበሩ ላይ ቆመ። በሰደፍ መትተው ጣሉት። «ሠሪዋ ማን ናት?» ሲባል «እኔ» ስላልኩ የታሰርኩት እኔ ነኝ።

ሰፈሩ ውስጥ ባለች የድንጋይ ቤት አሰሩኝ፤ ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ እዚያው ነበርኩ። ድስታቸውንና መቆለፊያቸውን እንድጠግን አዘዙኝ፤ እጄ ታሟል አልኩ። ገረፉኝ፤ አሁንም ታሟል አልኩ። ስለ ግርፋቱ ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ይህን ያህል ቦታ አልሰጣቸውም። የምናገረው ስለ ሴቶቹ ነው። እኔ ሳልፍ ሌማት ይከድኑ የነበሩት እነዚያው በርበሬ ሻጮች በተራ በተራ ስንቅ ያመጡልኝ ጀመር። ዘበኛው ሲፈትሽ ክዳኑን ያነሣል፤ እነሱ መልሰው አይከድኑትም። አገልግሉን እንደተከፈተ፣ ዓይኔ እያየው ያቀብሉኛል። «ብርነሽ፣ ብዪ እንጂ» ይሉኛል። በዱላው ያላለቀስኩት በዚያ ነው ያለቀስኩት።

ታፈረ መጀመሪያ የመጣው ፊቱ አብጦ ነው። በእሾሁ አጥር ማዶ ቆመ።

«ዋሸኸኝ» አልኩት። አንተ ስለው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«አዎ።»

«ለምን?»

«ያን ሁሉ ዘመን እሳቷን ስለኩስ አንድ ነገር የጎደለባት ይመስለኝ ነበር» አለ። «አንበሳ ያለባት ባቡር ማየት ፈለግኩ።»

ሳልፈልግ ሳቅ መጣብኝ፤ ሰውነቴ ቆስሎ ስለነበር መሳቁ አመመኝ። «እንግዲህ ስወጣ ሁለት አንበሳ እናደርግባታለን» አልኩት። በዚያው አጥር ማዶ ለማዶ ነው የተጫጨነው ማለት ይቻላል። ሽማግሌ የላከው በኋላ ነው፣ ለወጉ።

እነሱም የሚሄዱበት ቀን ደረሰና ሄዱ። እንዴት እንደሄዱ የሚጽፍ ብዙ ሰው አለ፤ እኔ የማስታውሰው ሰፈራቸው ባዶውን ሲቀር እኔና ታፈረ ጆንያ ይዘን መግባታችንን ነው። ሌላው ብርድ ልብስና ዱቄት ሲሻማ እኛ ቀለህ፣ ቧንቧና ቆርቆሮ ለቀምን። ከዚያ በኋላ የሠራናቸውን ባቡሮች ቆጥሬ አላውቅም። አንዷ እንደ ሌላዋ አልነበረችም፤ እሱ «ትክክለኛው እንዲህ ነው» ይላል፣ እኔ «የኛዋ እንዲህ ትሁን» እላለሁ፣ ሁልጊዜ እኔ እረታለሁ። አንዷን እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀባናት። የአንዷ ጭስ መውጫ እንደ ጠላ ጋን አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነበር። አንዲቱን ዲማ ያሉ አንድ የቅኔ መምህር በማር ለወጡን፤ ተማሪዎቻቸው ትምህርት ሲታክታቸው አረቄዋን እየለኮሱ ያስሮጧት እንደነበር ሰምቻለሁ። አረቄው ሁሉ ለባቡሯ ይሰጥ እንደሆነ ግን አላውቅም። የታፈረም ዕረፍቱ ከሆነ ይኸው ብዙ ዘመን አለፈው፤ ሱቃችን ያለበትን ቤት ዛሬ ፀጉር ቤት አድርገውታል።

እውነተኛውን ባቡር ያየሁት ከተጋባን ከዓመታት በኋላ ነው። ዓባይን ተሻግረን፣ አቧራ ጠጥተን አዲስ አበባ ገባንና በቀጥታ ወደ ለገሃር ወሰደኝ። ታፈረ ለዚያ ቀን አዲስ ኮት አሰፍቶ ነበር፤ እኔም ጥልፍ ቀሚሴን ለብሻለሁ። ባቡሯ መጥታ ቆማ ትተነፍስ ነበር። ሰው እየተጋፋ ይወርዳል ይሳፈራል፤ እኔ ወደ ፊት ወደ ፊቷ ሄድኩ። ዘንጉ እዚያው ነው። ቧንቧው በዚያው በኩል ነው። በእጄ እንደሠራሁት ሁሉ የቱ ከየቱ እንደሚያያዝ ዓይኔን ጨፍኜ ልነግራችሁ እችል ነበር። እጄን ዘርግቼ ሆዷን ልነካ ስል አንድ ባለ ኮፍያ ጥበቃ ሮጦ መጣ።

«እትዬ! ራቅ ይበሉ፣ ያቃጥላል!»

እጅጌዬን ሰብስቤ የክንዴን ጠባሳ አሳየሁት። «እንደሚያቃጥልማ ካንተ በፊት አውቄዋለሁ» አልኩትና ነካኋት። ታፈረ ከኋላዬ መጥቶ ከጎኔ ቆመ፤ ዕድሜውን ሙሉ ያወራላትን ነገር እያሳየኝ ስለሆነ ፊቴን ፊቴን ያየኛል።

«ይህችው ናት?» አልኩት።

«ይህችው ናት።»

ከጭስ መውጫዋ እስከ መንኮራኩሯ፣ ከፊት እስከ ኋላ በደንብ አየኋት።

«አንተ ስትነግረኝ ትበልጥ ነበር» አልኩት።